ባለ ቀይ ገመዱ ፍላሽ

አቶ እሸቴ የሞቱት በገዛ ሳሎናቸው፣ ከኮምፒውተራቸው ጠረጴዛ ሥር ነው። እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ሚርያም ስትደርስ ቀኝ እጃቸው ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው እንደተዘረጋ ቀርቷል። መደርደሪያው አናት ላይ የአስም መድኃኒታቸው ተቀምጧል። አቶ እሸቴ ደግሞ አጭር ሰው ነበሩ።

አለቃዋ በስልክ «አስም ነው፤ ዝጊው» አላት።

ጠያቂ የሌለው ሰው ሲሞት ፋይሉም ቶሎ ይዘጋል። ሚርያም ይህን ታውቃለች። ከቢጠና ተዛውራ ሶዶ ከገባች ወዲህ እራቷን ብቻዋን ነው የምትበላው፤ አንድ ቀን ብትቀር ማን እንደሚፈልጋት አስባ መልስ አጥታለች። ስለዚህ አልዘጋችውም።

አስከሬኑን ያገኘችው ሶሲ ናት፤ የሊኑክስ ማኅበሩ ሰብሳቢ። ማኅበር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቫይረስ የፈጀው አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፎ ለመጣ ሁሉ፣ ማንም በነጻ ወስዶ የሚጠቀምበትን ሊኑክስ የተባለ ሲስተም የሚጭኑ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት እዚሁ ሳሎን ነበር። አቶ እሸቴ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ «ቤቴ ሰው ይግባበት» ብለው ለምነው ነው ያስገቧቸው።

«ስደርስ ስክሪኑ በርቶ ነበር» አለች ሶሲ ዓይኗን እየጠረገች። «ሊኑክስ ተጭኖበታል። የድሮው ሲስተም ጭራሽ የለም።»

«ሥራችሁ ይሄው አይደል እንዴ?»

«የጋሼ እሸቴ ግን አይነካም! የሚስታቸው የእትዬ አሳየሽ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። የሰው ላፕቶፕ ስንጭን አጠገባችን ቁጭ ብለው ያያሉ፣ የራሳቸው ላይ ሲደርስ ‹ይቺን ተዉልኝ› ይላሉ።»

«ምን ድምፅ ነው?»

«መዝሙር። ራሳቸው የደረሱት። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ‹የሚስቴን መዝሙር ባጃጅ ውስጥ በሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት› አሉን። ትናንት የእትዬን ሊያሰሙን ነበር፤ መብራት ጠፋ። ባትሪው ደግሞ የሞተ ነው፣ ያለ መብራት አይነሳም።»

መብራቱ ሲጠፋ ሶሲ ወደ ቤቷ ሄደች። ሌላው የማኅበሩ አባል፣ የአረካው መምህር ኤርካሎም ተከትሏት ወጣ።

«ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው» አለ ኤርካሎ ሚርያም ስትጠይቀው። «ክብረት ‹ጋሼን ብቻቸውን አልተዋቸውም› ብሎ ቀረ። ደግ ልጅ ነው ብዬ መርቄው ነው የወጣሁት።»

ክብረት ረጅም፣ መልከ መልካም ዘማሪ ነው። አንገቱ ላይ በቀይ ገመድ የተንጠለጠለ ፍላሽ አለ።

«መብራት ሲመጣ ጋሼ ራሳቸው ‹በቃ የኔንም ጫንልኝ› አሉኝ» አለ። «ጀመርኩላቸው። ፋይሉ መገልበጥ ሲጀምር ግን የመዘምራን ልምምድ ነበረብኝና ተነሣሁ። በር ድረስ ሸኙኝ፤ ደህና ነበሩ።»

«ይሄ አንገትህ ላይ ያለውስ?»

«የማኅበሩ ፍላሽ ነው። ሊኑክሱ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ያለንም ይሄው አንዱ ነው። መጨረሻ የጫነ ሰው አጥልቆት ይሄዳል፤ ደንባችን ነው። ጋሼ ናቸው በር ላይ ያጠለቁልኝ።»

«ላቆየው?» አለች ሚርያም። ሳያቅማማ አውልቆ ሰጣት።

በማግስቱ ሶሲን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስመጥታ ዓይኗ እያየ አስጫነቻት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ቀስ እያለች ትሞላለች።

«አሁን ፍላሹን ብነቅለውስ?»

«ኧረ እንዳይነኩት! ግማሽ ላይ ከተነቀለ ማሽኑ አይነሳም። ሲያልቅ ራሱ ‹ፍላሹን ንቀል› ይልዎታል።»

ሚርያም መስመሩ ሞልቶ ያ ቃል እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ «የተሰረዘ ነገር ይመለሳል?» አለች።

«አዲሱ የተጻፈበት ቦታ አይመለስም። የቀረው ግን ማውጫው ነው የሚጠፋው እንጂ ነገሩ ዲስኩ ላይ አለ። ከኤርካሎ ጋር እንሞክረው።»

ቅዳሜ ሦስቱን እዚያው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን እጁ በማይደርስበት ቦታ አያስቀምጥም» ብላ ጀመረች። «እዚያ ላይ የሰቀለው ረጅም ሰው ነው።»

«ረጅም መሆን ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ክብረት።

«አልሆነም። ግን አቶ እሸቴ የሚስታቸው ድምፅ ያለበትን ዲስክ ‹አጥፉልኝ› አይሉም። መጥፋቱ የሚጠቅመው መዝሙሩን የኔ ነው ላለ ሰው ብቻ ነው። ሰሞኑን በየባጃጁ የሚሰማው የማን ነው?»

ሶሲና ኤርካሎ ወደ ክብረት ዞሩ።

«ይሄ ግምት ነው» አለ።

«ግምት ነበር፣ ፍላሹ ባይኖር። ፋይሉ መገልበጥ ሲጀምር ወጣሁ አልከኝ። በር ላይ ፍላሹን አጠለቁልኝ አልከኝ። ያኔ ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ላፕቶፑ አይነሳም ነበር። ሶሲ ያገኘችው ግን ያለቀለትን ነው። ፍላሹ እስከ መጨረሻው ተሰክቶ ነበር፤ አንተም እስከ መጨረሻው እዚህ ወንበር ላይ ነበርክ።»

የክብረት እጅ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ። ገመዱ የለም።

«እዚያው ትተኸው ብትሄድ ማንም አይደርስብህም ነበር» አለች ሚርያም። «ግን ደንባችሁ እጅህን አስለምዶታል። ሲያልቅ ነቅለህ፣ አጥልቀህ ወጣህ።»

«አልነካኋቸውም!» አለ ክብረት። «ከጓዳ ሲመለሱ ስክሪኑን አይተው ጮኹ፣ ከዚያ ሳሉ ያዛቸው። ጭነቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው መድኃኒቱን ያራቅሁት… እንዳያቋርጡት ብዬ።»

«ሰው ከጀርባህ ትንፋሽ አጥቶ ሲንፈራገጥ፣ አንተ መስመሩ እስኪሞላ ትጠብቅ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሶሲ የአቶ እሸቴን ላፕቶፕ ከፈተች። «ያገኘነው ጥቂት ነው» ብላ ማጫወቻውን ተጫነች።

የአሳየሽ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ባጃጆቹ የሚያሰሙት ያው መዝሙር ነው። መሃል ላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ ሌላ ቁራጭ መጣ፤ መቅጃው ሳይዘጋ የቀረ የቤት ወሬ ነው፣ ሰሃን ይንኳኳል።

«እሸቴ! ቦይናው እኮ ቀዘቀዘ፤ ያንን ማሽን ዝጋና ና ብላ!»

ሚርያም ቀና አለች። «ነይ ብዪ» የሚላት ሰው ካጣች ቆይታለች። ያለቀሰችው ከኀዘን ይሁን ከቅናት አልለየችውም፤ እንባዋን ለመደበቅም አልሞከረችም።

ከላፕቶፑ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«መጣሁ፣ አሳዬ» አሉ አቶ እሸቴ። «መጣሁ።»