ከወደቡ ውጭ የቆመችው መርከብ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። በዚያ ዓመት በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ፀሐይ ከባሕሩ ላይ ገና ብቅ እንዳለች፣ አንዲት ጠባብ ጀልባ በወደቡ የድንጋይ መድረክ ሥር ወዲያና ወዲህ ትመላለስ ነበር፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ተቀምጦ ይቀዝፋል፤ ከፊት ደግሞ አንድ ጎልማሳ ቆሞ፣ ጫፉ ላይ የእርሳስ ድብልብል የታሰረበትን ባለ ምልክት ገመድ ውኃ ውስጥ ይጥላል፣ መልሶ ይስባል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ይህ ሰው በወደቡ መዝገብ «የባሕር ጥልቀት ለኪ፣ ሁለተኛ ደረጃ» ይባላል፤ የወደቡ ሰው ግን እናቱ ያወጣችለትን ስም ከረሳው ቆይቷል፤ ጋሼ ልኬት ብሎ ነው የሚጠራው።

«ስንት ሆነ?» አለ ቀዛፊው።

«ስምንት ሜትር ከሃያ።»

«አምና ከሠላሳ አልነበር?»

«ነበር።» ጋሼ ልኬት ድብልብሉን ገለበጠው፤ የባሕሩን ወለል አፈር እንዲይዝ ከሥሩ በተለጠፈው ሞራ ላይ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ጭቃ ተጣብቆ ወጥቷል። «ወንዙ በየክረምቱ ደለሉን እያመጣ ይከምርብናል፤ እኛ ደግሞ በየክረምቱ እንጽፋለን።»

የዚያ ዘመን መንግሥት ታላቅ ነገር አስቦ ነበር። የአገሪቱ ጥጥና ቆዳ በሰው አገር መርከብ እየተጫነ፣ ነጋዴው ባለመርከቡ በፈቀደለት ቀንና በቆረጠለት ዋጋ ሲያድር ስለ ኖረ፣ ሦስቱ አሮጌ መርከቦች ወደ አሥራ ሁለት እንዲያድጉ ምክር ቤቱ ወስኖ፣ የመጀመሪያዋ አዲስ መርከብ ተሠርታ ልትገባ ሁለት ወር ቀርቷታል። በዚህ ውሳኔ ከጋሼ ልኬት የበለጠ የተደሰተ አልነበረም፤ በወጣትነቱ በሰው አገር መርከቦች ሆድ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ጀርባው የተላጠ ሰው ነው፤ አንድ ልጁም ባሕር ማዶ የሞተር ትምህርት ጨርሶ በዚችው መርከብ ላይ ሦስተኛ መሐንዲስ ሆኗል። ነገር ግን መርከቧ ጭነቷን ስትይዝ ዘጠኝ ሜትር ተኩል ውኃ ትፈልጋለች፤ ያዘዟት ሰዎች ያመኑት ደግሞ ከጦርነቱ በፊት የተነሣውን የወደብ ካርታ ነው፤ ካርታው አሥር ሜትር ተኩል ይላል።

ጋሼ ልኬት በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ማመልከቻ ጽፏል። የመጀመሪያው ለሚመለከተው ክፍል ተመራ፤ የሚመለከተው ክፍል አይመለከተኝም ብሎ መለሰው። ለሁለተኛው «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ ደረሰው፤ ማን እያየው እንደሆነ ግን የሚነግረው ጠፋ። ሦስተኛው የት እንደገባ አልታወቀም። በአራተኛው የመርከብ ጉዳይ ዋና ሹሙ ራሳቸው አስጠሩት።

ዋና ሹሙ ቁጭ በል እንኳ ሳይሉት አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉለት።

«ፈርም። ወደቡ ለመርከቧ በቂ ጥልቀት እንዳለው የሚያረጋግጥ ነው።»

«ክቡር ሆይ፣ ስምንት ከሃያ ነው። ባሕሩ ሲሞላ እንኳ ዘጠኝ አይደርስም።»

«ታዲያ ካርታው ዋሸ ነው የምትለኝ?»

«ካርታውማ በጊዜው ልክ ነበር። ባሕሩ ነው የተለወጠው።»

ዋና ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ በሩ መዘጋቱንም አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ወንድሜ፤ እኔስ የማላውቅ ይመስልሃል? እነዚህን መርከቦች ለማስፈቀድ ስድስት ዓመት ደጅ ጠንቻለሁ። ዛሬ ‹ወደቡ ደለል ሞልቶታል፣ ጠራጊ ይገዛልን› ብዬ አፌን ብከፍት፣ ‹እንግዲያው መርከቡም ይቅር› ይሉኛል፤ ይህን ለማለት ሰበብ የሚፈልጉ ሞልተዋል። መጀመሪያ መርከቧ ትምጣ፤ ጭቃውን ከዚያ እናወጣለን።»

«ጭቃው ላይ ከተቀመጠች በኋላ?»

«አትቀመጥም።»

«ልጄ ያለው እኮ እታች፣ ሞተር ክፍል ነው።»

ዋና ሹሙ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈርማል» አሉ። በማግሥቱም ጀልባ ላይ ወጥቶ የማያውቅ አንድ የቢሮ ሰው ፈረመ።

ጋሼ ልኬት ከዋና ሹሙ ዘንድ ወጥቶ ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የልጃቸውን ደብዳቤ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

«ባንዲራውን ይዞ ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው! ሚኒስትሩ እጁን ሊጨብጡት ነው፤ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምነው ታዲያ ፊትህ እንዲህ ጠቆረ?»

ነገራት። ደብዳቤውን አጣጥፋ፣ «አንተ ሰው» አለችው፤ «አገር ሁሉ ደስ ሊለው ተነሥቶ አንተ ስለ ጭቃ ታወራለህ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተሳስቶ አንተ ብቻ ነህ ልክ?»

«እኔ እኮ ገመዱ ያለውን ነው የምናገረው!» ብሎ ጮኸ፤ ጮኾባት ስለማያውቅ ሁለቱም ደነገጡ። ምሳውን ሳይነካ ተነሣ።

መርከቧ ሙሉ ጭነቷን ይዛ የደረሰችው በሰኔ አሥራ አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩም የተኛ ነበር። በመድረኩ ላይ ዳስ ተጥሎ፣ ሙዚቀኞች ተሰልፈው፣ ክቡር ሚኒስትሩም ሪባኑን ሊቆርጡ ተቀምጠው ሳለ፣ ጠባቧ ጀልባ ከዳሱ ሥር ተነሥታ ወደ ወደቡ አፍ ስትገሠግሥ ታየች፤ ሰዉም የደስታው ክፍል መስሎት አጨበጨበላት።

ጋሼ ልኬት በመርከቧ ጎን ሆኖ በሁለት እጁ እያውለበለበ ጮኸ። የመርከቧ አዛዥ፣ አንድ ሽበታም ካፒቴን፣ በብረቱ አጥር ላይ ጎንበስ አሉ።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«ጌታዬ፣ አይገቡም! መድረኩ ሥር ስምንት ከሃያ ነው!»

«የተላከልኝ ማረጋገጫ አሥር ተኩል ይላል።»

«የፈረመው ሰው አልለካውም!»

ካፒቴኑ ወደ ዳሱ አዩ፤ ወደ ጀልባዋም አዩ። ከዚያ ፍጥነቷ እንዲቀንስ አዘዙና፣ «ከፊቴ ቅደም፤ እየለካህ ቁጥሩን ጥራ» አሉት።

ሽማግሌው እየቀዘፈ፣ እርሱ ገመዱን እየጣለ ቀደሙ፤ ያች ቤት የምታህል መርከብም ከኋላቸው ቀስ እያለች ተከተለች። «አሥራ አንድ!» ብሎ ጠራ። «አሥር ከስድሳ! አሥር ከአሥር!» «ዘጠኝ ከሰማንያ!» ሲል የመልሕቁ ሰንሰለት እየተንኳኳ ወረደ፤ መርከቧም ከመድረኩ ሁለት ሺህ ሜትር ርቃ ቆመች።

ሙዚቀኞቹ ለሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ጠበቁ፤ ሚኒስትሩ ሪባኑን ሳይቆርጡ ሄዱ። ወጣቱ መሐንዲስ በገመድ መሰላል ወደ አባቱ ጀልባ ሲወርድ ነጭ ልብሱ ዘይት ነክቶት፣ ባንዲራው በክንዱ ሥር ተጠቅልሎ ነበር። አራት ዓመት ተለያይተው፣ ሳይሳሳሙ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ምን በደልኩህ?»

«ጭቃው ላይ ልትቀመጡ ነበር ልጄ።»

«ማን ያውቃል? ምናልባት ትገባ ነበር እኮ!»

ጋሼ ልኬት ቀና ብሎ መርከቧን አያት። ያልሆነውን ነገር ለማሳየት ምን ማስረጃ ያቀርባል? መርከቧ ከነክብሯ ቆማለች፤ አንድ ብሎን እንኳ አልላላባትም። ብትጣበቅ ኖሮ እርሱ ትክክል በሆነ ነበር፤ ስላዳናት ግን በዓል አፍራሽ ሆነ።

በሳምንቱ «የመንግሥትን ክብር በሚነካ አድራጎት» ከሥራ ተሰናበተ። ዋና ሹሙ የቀሩትን መርከቦች አስፈቅደው አመጡ፤ ተከታዮቹ አዛዦች ሁሉ የመጀመሪያውን ካፒቴን ማስታወሻ እያነበቡ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጣሉ፤ ጥጡም በትናንሽ ጀልባ ሲጋዝ ግማሹ እየራሰ ሰባት ዓመት አለፈ። አንዲትም መርከብ ስላልተጣበቀች፣ ጋሼ ልኬት ልክ ነበር ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። በስምንተኛው ዓመት ደለል ጠራጊው ተገዛ፤ ዋና ሹሙም በምረቃው ዕለት «ከመጀመሪያው አንሥቶ ያሰብንበት ጉዳይ» ብለው ንግግር አደረጉ።

በዚያ ሰሞን ልጁ፣ አሁን ዋና መሐንዲስ ሆኖ፣ ወደ አባቱ ቤት መጥቶ ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ከመጥረጉ በፊት ሲለኩት ሰባት ከስድሳ ሆኖ ተገኘ፤ አባባ፣ ያኔ እኔ...»

«ደለሉ ከእኔ ወዲህ ስድሳ ጨምሯል ማለት ነው» አለ አባቱ ቶሎ ብሎ፤ ልጁ የይቅርታ ቃል ሲፈልግ እንዳያይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «እናትህን ጥራት፤ መምጣትህን አልሰማችም።»

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ የታተመው የመርከብ ድርጅቱ ታሪክ የዋና ሹሙን ፎቶግራፍ በሙሉ ገጽ ይዟል፤ መርከቦቹ አሥራ ሁለት መድረሳቸውን፣ የአገሪቱ ምርትም በራሷ ባንዲራ ሥር ዓለምን መዞሩን ይተርካል፤ ይህም እውነት ነው፤ ያለ እርሳቸው ጽናት አንዷም ባልመጣች ነበር። ስለዚያ የሰኔ ቀን ግን «መርከቧ በአየሩ ጠባይ ምክንያት ከወደቡ ውጭ ለመቆም ተገድዳለች» ከሚል አንድ መስመር በቀር የተጻፈ የለም። ጸሐፊው ሆን ብሎ አልዋሸ ይሆናል፤ ያገኘውን ሰነድ ገልብጧል። በዚያ ቀን ነፋስ እንዳልነበረ የሚያውቁት ሰዎች፣ መጽሐፉ ሲወጣ አንዳቸውም በሕይወት አልነበሩም።