የአራሷ ድመት ተረኛ

«አንቺ ቂጥሽ መሬት አይነካ፣ አንቺ ቤት የወለደች በረሃብ ነው የምትሞት» አሉኝ አዴ ሙሚና ፊት ለፊት፣ እኔ ያቺን ቆሻሻ ድመት በፎጣ ጠቅልዬ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ሆዷ ውስጥ ያሉት ሲራገጡ በመዳፌ እየተሰማኝ።

እውነታቸውን ነው፣ መቀመጥ አልችልም፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ እስኪገኝ ቤት ስውል ግድግዳው ሊበላኝ ይደርስ ነበር። ስለ ጂኒና ስለ ቀትር ጋኔን ሲወራ ደግሞ ተነስቼ የምሄድ ነኝ፣ ድሬ ተወልዶ ስለ ጂኒ ሳይሰሙ ማደግ አይቻልም፣ መስማትና ማመን ግን ለየብቻ ናቸው፣ ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «እሷ ድሮም ታምን ነበር» እንዳትሉኝ ነው።

የምንኖረው ከዚራ ሰፈር፣ ከድሮዎቹ የባቡር ቤቶች በአንዱ ነበር፣ ቤቱ ተወርሶ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለአባቴ፣ ግማሹ ለአዴ ሙሚና ደርሷል፣ መሐል ላይ ያለ አንድ ረጅም ኮሪደር ያገናኘናል። አባቴ ባቡር ላይ ስለሚሠራ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው፣ አዴ ሙሚናም መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፣ ስለዚህ ቤቱ የሁለታችን ነበር ማለት ይቻላል። ድመቷን ያገኘኋት የኋላ እግሯ በአጥር ሽቦ ተይዞ ነው፣ በአባቴ ፒንሳ ሽቦውን ቆርጬ አወጣኋት፣ ውለታዬን ክንዴን በመቦጫጨር መለሰችልኝ፣ ከእኔም ሆነ ከማንም ጋር እስከ መጨረሻው አልታረቀችም።

በማግሥቱ ጠዋት ካርቶን ውስጥ አማጠች። ሦስቱን ራሷ ወለደች፣ ራሷ ላሰች፣ እትብታቸውን ራሷ በጠሰች፣ እኔ አፌን ከፍቼ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። የመጨረሻው ግን ከነሽፋኑ ዱብ አለና ዞር ብላም አላየችው፣ ደክሟት ይሁን ንቃው እንጃ። ሽፋኑን በጥፍሬ ቀደድኩ፣ አፍንጫውን ጠረግኩ፣ በፎጣ አሸሁት፣ ምንም የለም፣ አሁንስ በቃኝ ብዬ ላስቀምጠው ስል መዳፌ ውስጥ አንድ ነገር ትር ትር አለ፣ ከዚያ አፉን ከፍቶ ድምፅ የሌለው ጩኸት ጮኸ። እመኑኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ጀምሬ የጨረስኩት ነገር ያ ብቻ ነው፣ እንዲሞትብኝ አልፈለግኩም፣ በቃ።

እናቱ ግን ጡቷ ላይ ባደረግኩት ቁጥር በእግሯ ትገፋዋለች። የፍየል ወተት ገዝቼ በታጠበች የዓይን መድኃኒት ጠብታ ብልቃጥ አጠባው ጀመር፣ መጀመሪያ ጥቂት ዋጠ፣ ከዚያ ሆዱ ተወጠረ፣ አፉን ገጥሞ እምቢ አለ፣ በዚያ የድሬ ሙቀት ገላው እየቀዘቀዘ ሄደ። ያን ሁሉ የሰደቡኝ አዴ ሙሚና ይህን ሲሰሙ መጥተው ካርቶኑ ሥር ቢላዋ ሸጎጡ፣ አራስ ለብቻዋ አትተውም፣ በተራ እንጠብቃለን አሉ። «ድመት ናት እኮ አዴ» አልኳቸው።

«አራስ አራስ ነው» አሉ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም።

ችግሩ መሠረተ ትምህርት ነበር። እኔ አስተማሪ፣ እሳቸው ተማሪዬ፣ የገበያ ሴቶች የሚያርፉት በቀትር ስለሆነ ክፍሉም በቀትር፣ የቀረ ተማሪ ስሙ ለቀበሌ ይተላለፋል፣ የቀረ አስተማሪማ አታንሱት። መስኮቱን ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ ጠብታዋን ከወተቱ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተውኩ፣ በሩን በጓጉንቸር ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አዴ ሙሚና ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ባዶው ኮሪደር ዞሩና፣ ልጇን ለጎረቤት ትታ እንደምትወጣ ሴት በዝግታ «አደራ» አሉ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት።

ክፍሉ ሲያልቅ አብረን ተመለስን። በዚያ ሰዓት ድሬ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ፣ ውሻው ጥላ ሥር ተዘርግቶ፣ የራስህ እርምጃ ራሱ ይጮህብሃል። ኮሪደሩ መሐል ስንደርስ ከተቆለፈው በር በስተጀርባ የአባቴ ወንበር ሲጥ አለ። ያ ወንበር አንድ እግሩ የላላ ነው፣ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሳበት ካልሆነ ድምፅ አያወጣም። ሁለታችንም ቆምን።

ስከፍት ማንም የለም፣ መስኮቱም እንደተቀረቀረ ነው። ከግድግዳው ጥግ የነበረው ወንበር ግን ካርቶኑ አጠገብ ቆሟል፣ ጠብታዋ ወተት እንደነካት ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ ከጎኗ ብጫ ነገር ያለበት እርጥብ ጥጥ አለ። ጥጡ የእኔው ነው፣ ለእናቲቱ እግር ብዬ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩት። ትንሹን ሳነሳው ሆዱ ጎድሏል፣ ሞቋል፣ አገጩ ላይ ወተት አለ፣ ተኝቷል።

ጥጡን አሸተትኩት፣ ሽንት ነው። አመሻሹ ላይ ሆዱ ደግሞ ሲወጠር፣ እያፈርኩ ጥጥ በለብታ ውሃ ነክሬ ከሥሩ አሸሁት፣ ሸና። ለካ እናቱ ካልላሰችው ወይም ካላሹለት ራሱ መሽናት አይችልም፣ እኔ ወተት ስጨምርበት እየገደልኩት ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ በባዮሎጂም አልተማርኩትም፣ አዴ ሙሚናም ድመት አሳድገው እንደማያውቁ በወላሂ ማሉልኝ፣ ደግሞ ያን ቀትር ሙሉ ፊቴ ቁጭ ብለው ፊደል ሲጽፉ ነበር።

«ታዲያ አደራ ያሉት ለማን ነው?»

«ለሰማ ሰው» አሉኝ፣ ሽንኩርታቸውን እየላጡ።

ስንት ዓመት አሰብኩበት መሰላችሁ። ሌባ ነው እንዳልል አንድ ዕቃ አልጎደለም፣ አባቴ ነው እንዳልል ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም እኔ ኪስ ነበር፣ ያን ሰሞን ደግሞ ጅቡቲ ነበር። የገረመኝ ግን ፍርሃቴ አይደለም፣ ቅናቴ ነው፣ ከሽፋኑ ያወጣሁት እኔ፣ የሚጠባው ከሌላ እጅ።

ምክንያቱም ከእኔ እጅ አልጠባም። ያን ምሽትም፣ በማግሥቱ ጠዋትም፣ መሽናቱን ይሸናል፣ ጠብታዋን ሳስጠጋ ግን አፉን ይገጥማል፣ ወተቱ በአገጩ ይወርዳል። ቀትር ሲቃረብ እንደገና ቀዘቀዘ። ክፍል አልሄድም አልኩ፣ ቀበሌ የፈለገውን ያድርግ፣ የሚመጣውን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ትንሹን ጭኔ ላይ አደረግኩት፣ ደግሞም ተቀመጥኩ፣ እኔ፣ ሳልነቃነቅ።

ኮሪደሩ ላይ ጫማ የሚጎትት ሰው እርምጃ መጣ፣ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ።

«ይግቡ አዴ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ አዴ ሙሚና፣ ከግቢው፣ በመስኮቱ በኩል።

ሰው በቀረባት ቁጥር የምትነክሰው ድመት ቀና ብላ በሩን አየችና ጉሮሮዋ ውስጥ የደስታ ማንኮራፋት ጀመረች፣ ትንሹም ገና ያልተከፈተ ዓይኑን ይዞ ፊቱን ከእኔ ወደ በሩ አዞረ። በሩ አልተገፋም። ከወዲያ ያለው ሰው፣ ሰው ከሆነ፣ ይጠብቃል።

አዴ ሙሚና መስኮቱ ላይ መጥተው እኔን አዩ፣ ድመቷን አዩ፣ በሩን አዩ።

«አቦ ቦታዋን ልቀቂላት» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያንቺ ተራ አይደለም።»

ትንሹ ጭኔ ላይ አንዴ ተንፈራፈረና ላላ፣ ትንፋሹ ግን ነበር። ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። ወተቱን አለበብኩ፣ ጥጡን ነክሬ ጨመቅኩ፣ ጠብታዋን ከጎኑ አስቀመጥኩ፣ ወንበሩን አስጠጋሁ። በሩን ስከፍት ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጎን ብዬ አሳለፍኩ፣ «አደራ» አልኩ፣ በሩን ከኋላዬ ገጠምኩት፣ ሳልቆልፈው።

ወንበሩ ሲጥ አለ። ጠመኔዬን ይዤ አዴ ሙሚናን ተከትዬ ወጣሁ።