ትርንጎ ዝናብ የሆነችበት ቀን

እስቲ ዝም በሉና ጆሯችሁን ወደ መሬት ጠጋ አድርጉ። ምን ይሰማችኋል?

ምንም አይሰማም። በጋ ነዋ፤ በበጋ እንቁራሪቶች አይዘምሩም።

ትርንጎ የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ከችግኝ ጣቢያው አጥር ጋር የተጠጋ ነው፤ እናቷ እዚያ ችግኝ ታጠጣለች።

በክረምት ትርንጎን የሚያስተኛት የእንቁራሪቶች ዜማ ነበር። «ቋር! ቋር! ቋር!»

አሁን ግን ማታ ማታ ሁሉ ነገር ጭጭ ይላል። ትርንጎ በቀኝ ትዞራለች፣ በግራ ትዞራለች፤ እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን የጣቢያውን ዘበኛ፣ ጋሽ ይመርን ጠየቀቻቸው። «ጋሽ ይመር፣ እንቁራሪቶቹ የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱ» አሉ ጋሽ ይመር፣ መሬቱን በከዘራቸው ኳ! ኳ! እያደረጉ። «እዚሁ ከእግርሽ ሥር ናቸው። አፈሩን እንደ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል።»

«መቼ ነው የሚነቁት?»

«ዝናብ ሲመጣ። ጠብ ጠብ ሲል ይሰሙና ብድግ ይላሉ።»

«ዝናቡስ መቼ ነው የሚመጣው?»

ጋሽ ይመር ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። አንድም ደመና የለም። «ገና ነው፣ ልጄ። ገና ነው።»

ትርንጎ «ገና ነው» የሚባል ነገር አትወድም። እናንተስ ትወዳላችሁ?

በነጋታው እናቷ ችግኝ ስታጠጣ ቆማ አየቻት። እናቷ ማጠጫውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ውሃውን በወንፊቱ በኩል ቀስ እያለች ታወርዳለች።

«ችግኝ ላይ ውሃ አይደፋም» አለች እናቷ። «ይዘንብለታል እንጂ።»

ትርንጎ ማጠጫውን አየች። መሬቱን አየች። ከዚያ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

እናቷ የችግኝ ከረጢት ውስጥ አፈር ልትሞላ ወደ ዳሱ ስትገባ፣ ትርንጎ ትንሹን ማጠጫ ከውሃ ማጠራቀሚያው፣ ከሮቶው፣ ሞላች። ከጣቢያው ጀርባ፣ በክረምት ውሃ ወደሚያቁረው ጉድጓድ አንጠልጥላው ሄደች።

ማጠጫውን ከፍ አደረገች። «ጠብ! ጠብ! ጠብ! ዝናብ መጣ፣ ውጡ!»

ማንም አልወጣም።

ነጎድጓድ ሳይኖር ምን ዝናብ አለ? ትርንጎ ባዶ ጣሳ ገልብጣ በእንጨት መታችው። «ኳ! ኳ! ኳ! ዝናብ መጣ፣ ውጡ!»

አሁንም ማንም አልወጣም።

ትርንጎ ግን እልኸኛ ናት። አንድ ማጠጫ፣ ሁለት ማጠጫ፣ ሦስት ማጠጫ፤ ያን ቀንም፣ በነጋታውም፣ በሦስተኛውም ቀን። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ደረሰ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጭቃው እብጥ አለ። ከዚያ ስንጥቅ አለ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ብቅ አሉ።

እንቁራሪቷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ደመናው የት አለ የምትል ትመስላለች።

ትርንጎ ትንሽ አፈረች። ቢሆንም ማጠጫውን አነሳች። «ጠብ! ጠብ! ጠብ! ዝናብ መጣ፣ ውጡ!»

ሌላ እንቁራሪት ወጣ። ሌላም። ሌላም።

ያን ምሽት ጉድጓዱ በዜማ ተሞላ። «ቋር! ቋር! ቋር!»

«ምን ጉድ ነው?» አለች እናቷ። «እንቁራሪት በግንቦት?»

ትርንጎ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ደስ ብሏት ተኛች።

ጠዋት ስትሮጥ ሄደች። ውሃው ላይ ዝልግልግ ያለ፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለበት ነገር ተንሳፍፏል። ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባ ይመስላል።

«እንቁላላቸው ነው» አሉ ጋሽ ይመር። ግን ግንባራቸውን ቋጠር አደረጉት። «ያለ ዝናብ ማን አታሏቸው ይሆን?»

ትርንጎ የእግሯን ጣቶች አየች። «እንቁላሉ ምን ይሆናል፣ ጋሽ ይመር?»

«ጭራ ያወጣል። ከዚያ እግር ያወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?» አሉና ሳቁ። ቀጥለው ግን «ውሃው ከቆየ ነው ታዲያ» አሉ።

ውሃው ከቆየ። ትርንጎ ይህን ነገር ጭራሽ አልወደደችውም።

በየቀኑ ውሃ ትወስዳለች። ፀሐይዋ ደግሞ በየቀኑ ትጠጣዋለች።

ነጥቦቹ ጭራ አወጡ። ወዲያ ሽው፣ ወዲህ ሽው እያሉ መዋኘት ጀመሩ። ትርንጎ ሁሉንም ወደደቻቸው።

አንድ ጠዋት ግን ቧንቧው «ፍስስ» አለና ቆመ።

«ውሃ ጠፋ» አለች እናቷ። «ሮቶው ውስጥ የቀረው ለችግኞቹ ብቻ ነው። አንዲት ጠብታ እንዳትነኪ።»

ትርንጎ ልትነግራት ፈለገች። ግን ፈራች።

የምትጠጣውን አንድ ብርጭቆ ውሃ ደብቃ ወሰደች። መሬቱ ምጥጥ አደረገው።

አንድ ቀን አለፈ። ሁለት ቀን አለፈ። ቧንቧው ዝም እንዳለ ነው።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። አጥሩ ላይ ቁራዎች ተደርድረዋል። ጉድጓዱ ደርቋል።

ትልልቆቹ እንቁራሪቶች የሉም። አንዳንዶቹ ጭቃው ሳይደርቅ ተመልሰው ገብተዋል፤ አንዳንዶቹን ግን ቁራዎቹ ቀድመዋቸዋል።

ትንንሾቹ ባለ ጭራዎች ጭቃው ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል። ሽው አይሉም። አይንቀሳቀሱም።

ትርንጎ ተንበረከከች። እንባዋ መሬቱ ላይ ወደቀ። ጠብ። ጠብ። ጠብ።

ማንም አልወጣም።

እናቷ ፈልጋ ፈልጋ እዚያ አገኘቻት። «ምን ሆነሻል፣ የኔ ዓለም?»

«እማዬ፣ ዝናቡ እኔ ነበርኩ» አለች ትርንጎ። ሁሉንም ነገረቻት፤ ማጠጫውን፣ ጣሳውን፣ እንቁላሉን።

እናቷ አልተቆጣችም። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አምነውኝ ነበር» አለች ትርንጎ። «አሁን ይቅርታ ብላቸው ይሰሙኛል?»

«አይሰሙሽም፣ ልጄ» አለች እናቷ። እናቷ ልጇን መዋሸት አትወድም። «አንቺ አንድ ማጠጫ ብቻ ነው ያለሽ። ዝናብ ግን ከመጣ ክረምቱን ሙሉ ይቆያል።»

እናቷም ታዝናለች፤ እንቁራሪቶቹ በግንቦት ሲዘምሩ ልጇን ለምን እንዳልጠየቀቻት ራሷን ትጠይቃለች።

ከዚያ እናቷ እጇን ዘረጋችና በጉድጓዱ ጥግ የወደቀውን ሰፊ የሙዝ ቅጠል ገለጥ አደረገችው።

ከሥሩ ጥቂት ውሃ ነበር። እፍኝ የማይሞላ።

ውሃው ውስጥ ሽው አለ። ሽው። ሽው። ሦስት ትንንሽ ጭራዎች።

እናቷ ለፊት መታጠቢያ ያስቀመጠችውን ውሃ የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ጨመረች። ትርንጎ ሦስቱን በሁለት እጇ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ወደዚያ አዛወረቻቸው።

ጀሪካኑን ጥላ ሥር አኖሩት። ትርንጎ በየቀኑ የተቀቀለ ጎመን ቆንጥራ ትሰጣቸዋለች፤ ዝናብ መጣ ግን አትላቸውም።

ብዙ ቀን ቆይቶ የኋላ እግር አወጡ። ከዚያ የፊት እግር። ጭራቸውም ቀስ እያለ ጠፋ።

«ያው፣ እንቁላል በእግሩ ሄደ» አሉ ጋሽ ይመር። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ እግር ሳያወጡ የቀሩትን እያሰበች ነበር።

ሰኔ ላይ፣ አንድ ምሽት፣ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ሳለች ቆርቆሮው ድምፅ አሰማ። ጠብ! ከዚያ ጠብ! ጠብ! ጠብ!

ትርንጎ ብድግ አለች። «ዝናብ መጣ» ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

ዝናቡ ራሱ ይጥራቸው ብላ ዝም አለች።

ዝናቡ በርትቶ ሲወርድ ከእናቷ ጋር ጀሪካኑን ይዘው ወጡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቀስ ብለው አዘነበሉት። ሦስቱ ትንንሽ እንቁራሪቶች ዘለል፣ ዘለል፣ ዘለል አሉና ሣሩ ውስጥ ገቡ።

ሲመለሱ እናቷ ፀጉሯን አደረቀችላት፤ አልጋው ላይም አብራት ጋደም አለች። ሁለቱም ጆሯቸውን ጣሉ።

«ቋር!»

ብዙ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቋር!»

«እማዬ፣ አምና ብዙ ነበሩ አይደል?»

«አዎ፣ ብዙ ነበሩ።»

«ዘንድሮ ያነሱት በእኔ ነው አይደል?»

እናቷ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። «አዎ፣ የኔ ዓለም» አለቻት በቀስታ።

ትርንጎ እንደገና አዳመጠች። «የኛዎቹ ሦስቱስ ለምን አይዘምሩም?»

«ትንንሽ ናቸዋ። ገና ናቸው።»

ገና ናቸው። በዚህ ጊዜ ትርንጎ ቃሉን አልጠላችውም። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለች።

ጠብ! ጠብ! ጠብ! ይላል ቆርቆሮው።

«እማዬ፣ ዝናቡ ትቷቸው አይሄድም አይደል?»

«አይሄድም» አለች እናቷ። «እስከ መስከረም እዚሁ ነው።»

ትርንጎም ዓይኗን ጨፈነች።