ብርድ የመታው ሸክላ

የአሰበ ተፈሪ የታኅሣሥ ብርድ የዋዛ አይደለም። አውራ ዶሮው «ኩኩ» ብሎ ይጀምርና «ሉ»ውን የሚጨርሰው ፀሐይ ሲሞቀው ነው። ያልሰማ ይጠይቅ፤ የሰማም አይከራከር።

የአቶ ኃይሉን ግራሞፎን የመታውም ይኸው ብርድ ነው። ሟች ባለቤታቸው ዘውድነሽ የምትወደው አንድ ሸክላ ነበራቸው፤ የዘፋኟ ድምፅ እንደ ዋሽንት የቀጠነ። አንድ ጠዋት ግን ዘፋኟ ተጎተተች፣ ወፈረች፣ ጢም እንዳወጣ ጎረምሳ አጓራች። አቶ ኃይሉ ልጃቸው ዘርፈሽዋል ወንድ ያስገባች መስሏቸው ከዘራ ይዘው ዘው አሉ። ያገኙት ግራሞፎኑን ብቻ ነው።

«ታሟል!» አሉ። ድሬሰሩ ይልቃል ከጤና ጣቢያ ተጠራ።

ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው። ሳይስቅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ የግራሞፎኑን ሆድ አዳመጠ። ቀና ሲል ዓይኑ ከዘርፈሽዋል ዓይን ላይ ወደቀ፤ እዚያው ቀረ።

«ብርድ መቶታል አባባ። የውስጡ ቅባት እንደ ቅቤ ረግቶ እንዳይዞር ይዞታል። እየተመላለስኩ ማየት አለብኝ።»

«እስከ መቼ?» አለች ዘርፈሽዋል፣ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና።

«እስኪሻለኝ… እስኪሻለው ማለቴ ነው።»

ተመላለሰ። ዕቃው ዳነ፤ ሁለቱ ታመሙ። ያንን ዘፈን አብረው ከመስማታቸው ብዛት ቃል በቃል ያዙት።

ከዚያ አንድ የበደሳ ቡና ነጋዴ ዘርፈሽዋልን ለልጁ ሊጠይቅ ላከ። አቶ ኃይሉም «እሁድ ኑ» አሉ። ያን ዕለት ዘርፈሽዋል ከደጅ ወዲያ እንዳትል ታዘዘች፤ ይልቃልም «በቃ፣ አትምጣ» ተባለ። ቤቱ እንደ ጠበበ ጫማ ያዛት። መስኮቱ የሚያሳያት የጎረቤት ቁልቋል ነው፤ ቁልቋሉም ዘበኛ መሰላት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ወደ በደሳ ገበያ ሲሄዱ ይልቃል ሹልክ ብሎ ገባ።

«ለአባዬ ንገራቸው እንጂ!» አለችው።

«ምን ብዬ? ዘመድ የለኝ፣ ሽማግሌ የለኝ። እዚህ የማውቀው በሽተኛና የአባትሽን ዕቃ ነው።»

ለካ የተሳፈሩባት መኪና ዳገቱ ላይ እምቢ ብላ አቶ ኃይሉ ተመልሰዋል። «የምን ወንድ ድምፅ ነው?» አሉ ከደጅ።

ቤቱ በሩ አንድ ነው። ዘርፈሽዋል ይልቃልን የልብስ ሳጥን ውስጥ ከታ፣ ክዳኑን ደፍታ፣ ግራሞፎኑን ከላይ አኖረች።

«ሸክላው ነው አባዬ። ብርዱ ብሶበት።»

«አቦ፣ እስቲ ይዝፈን!» አሉ አባቷ እየገቡ።

ሸክላውን አሽከረከረች፤ መርፌውን ግን ሳታስነካ በእጇ ያዘች። ሳጥኑን በተረከዟ መታ አደረገች። ሳጥኑ ዘፈነ፤ ወፍሮ፣ ተጎትቶ።

አቶ ኃይሉ «የዘውድነሽ ዘፈን እንዲህ ሲያቃስት አልሰማም» ብለው ሊያሞቁት የከሰል ምድጃውን ሳቡ።

«አባዬ ይተዉ!»

«ምነው? ሸክላ አይደል? ሸክላ እሳት ይፈራል እንዴ!» ብለው ሸክላውን አንስተው ፍሙ ላይ ጣል አደረጉት።

የሸክላ ድስት እሳት ይችላል። ይህኛው ሸክላ ግን እንደ ጎመን ቅጠል ተጠቀለለ።

ሳጥኑ መዝፈኑን ቀጠለ።

ዘርፈሽዋል በተረከዟ ደጋግማ መታችው። ይልቃል «በርታ» ያለችው መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

አቶ ኃይሉ ግራሞፎኑን ቀስ ብለው አወረዱና የሳጥኑ ክዳን ላይ ተቀመጡ። ያኔ ዘፈኑ ቆመ።

«ማነህ?»

«ይልቃል ነኝ አባባ።»

አቶ ኃይሉ ምድጃው ላይ የቀረውን ጥቁር ነገር አዩ። «የዘውድነሽን ዘፈን አቃጠልኩት» አሉ። «እስከ መጨረሻው ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ጨርሰው።»

ዘፈነ፤ አሁን በራሱ ድምፅ። መጨረሻው ላይ ቃል ጠፋው። ዘርፈሽዋል ከግድግዳው ጥግ ሆና ቃሉን አቀበለችው፤ ከዚያ በክዳኑ ወዲህና ወዲያ ሆነው አብረው ጨረሱት።

«እኔ የምፈልገው እሱን ነው አባዬ» አለች።

አቶ ኃይሉ ዓይናቸውን ከፍሙ አላነሱም። «በደሳዎቹን ኑ አልኩ እንጂ ሰጠሁ አላልኩም» አሉ። ከዚያ ክዳኑን በጡጫ ደበደቡት። «አንተ! ሽማግሌ አለህ?»

«የለኝም አባባ።»

«ያከምካቸው ሁሉ የት ገቡ? ከእነሱ ሦስት መርጠህ፣ ነገ በደሳዎቹን ቀድመህ፣ በበር ና!»

«እሺ አባባ» አለ ሳጥኑ። «ግን መጀመሪያ ከላዬ ይነሱልኝ።»