የሦስተኛው ካንዴላ ጉድጓድ

ጡረተኛው ሹፌር ከገዛ መኪናቸው ሥር ሞተው ተገኙ። ክሪኩ ወድቋል፣ ኮፈኑ ተከፍቷል፣ መነጽራቸው ሞተሩ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ ሞተሯ እየተቆራረጠ ስትነጥቅና ስታስል የቤቱን ሰው ሁሉ አንገፍግፋለች።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟች ሚስት ወንድም፣ ሜካኒኩ፣ በካቴና ታስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። በሳምንቱ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ ትናንት በዚሁ ከሟች ጋር ተጣልተዋል። ፖሊሶቹ ክሪኩን የጣለው እሱ ነው ብለዋል። እህቱ ለባሏ ታልቅስ ለወንድሟ ግራ ገብቷታል።

«ለምን አቃተህ?» አለችው መርማሪዋ።

«ነዳጅ መስሎኝ። የነዳጅ ታንኩን አጠብኩ፣ ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ታከተኝ።»

«ካንዴላውስ?»

«ባለፈው ወር በእጄ የገጠምኩትን አዲስ ካንዴላ ለምን እከፍታለሁ?»

መርማሪዋ ተናደደች። ሰው በገዛ ሥራው ሲታበይ አትወድም።

የሟች ልጅ ባል፣ ፋርማሲስቱ፣ ከዚህ ቤት ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። አባባ «ችግሩ ከታች ነው» ብለው ከመኪናው ሥር ሲገቡ አይቶ ወደ ሥራው እንደሄደ በትሕትና ተናገረ። የሟች ሚስት ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ከባሏና ከልጇ ጋር ለቅሶ ሄደው እንዳደሩ፣ መኪናውም ከፋርማሲስቱ ጋር እንደቀረ ነገረቻት።

መርማሪዋ ሁሉንም መኪናው ዙሪያ ሰበሰበች።

«ሞተር የሚነጥቅበት ሰው ከመኪና ሥር ምን ይሠራል? ካንዴላው ያለው ከላይ ነው። ያውም ያለ መነጽር! ሟች ሌላ ቦታ ወድቀው እዚህ ተጎተቱ። የጎተታቸው ሜካኒክ ቢሆን እንዲህ አይሳሳትም።»

ሟች አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅለው ነበር፤ ሦስተኛውን። እሷ በእንጨት ጫፍ ጨርቅ ጠቅልላ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ሰደደችው። ርሶ ወጣ፤ ሞተሩን ሲያስነጥቅ የሰነበተው ውሃ ነበር።

«እናቴ፣ ይህን ሞተር በውሃ ታጥባላችሁ?»

«ኧረ በጭራሽ! ሠላሳ ዓመት በብሩሽ ነው የሚያጸዳው። ውሃ ያስነካ ከዚህ ቤት አያድርም።»

«ይህን የማያውቅ አንድ አዲስ ሰው ብቻ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ ብስክሌተኛ ተገጭቶ ሞቷል፣ የገጨው አምልጧል። ሟች ዛሬ ውሃውን አገኙና ‹ማን አጠበው?› ብለው ጠየቁ። የጠየቁትም አንተን ነው» አለች ወደ ፋርማሲስቱ ዞራ።

ፋርማሲስቱ ሞተሩን እንጂ ማንንም አላየም።

«የብስክሌተኛው ደም በፊት ፍርግርጉ አልፎ ሞተሩ ድረስ ገብቶ ነበር» አለ። «ፖሊስ ልጠራ ነው ሲሉኝ ገፋኋቸው። የመሥሪያ ጠረጴዛው ጠርዝ መታቸው።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ሜካኒኩ ካቴናው ሲፈታለት ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«መጀመሪያ ቀን ያንን ገመድ ብነቅለው» አለ፣ «ውሃውን የማገኘው እኔ ነበርኩ። ያኔ እሳቸውም ከእሱ ጋር ብቻቸውን አይሆኑም ነበር።»



በመጨረሻ ተነሳና ጉድጓዱን አደረቀ፣ ገመዱን መለሰ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሳይነጥቅ ተነሳ። እህቱ ልማድ ሆኖባት፣ ባሏ ውስጥ ያለ ይመስል፣ ፊቷን ወደ ቤቱ በር መለሰች።

«ሰማህ?» አለች።