ታፍናለች

ባዬ ከዳባት በላይ ካለው ዳገት፣ ጉም በዋጠው መንገድ ዳር፣ የመኪናውን መሪ እንደ ትራስ ተንተርሶ ሞቶ ተገኘ። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ጉልበቱ ላይ ከአባቱ የወረሰውን የበግ ሱፍ ባና ጣል አድርጓል። ጉንጩ እንደ ሙሽራ ቀልቶ፣ የሞተ ሰው አይመስልም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር እስከዳር ከጎንደር ስትደርስ ያገሩ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት።

«አጋቾች ናቸው» አላት አንዱ። «አንቀው ገድለው ጥለውት ሄዱ።»

«አንቀው ገደሉትና እንዳይበርደው ባና አለበሱት? በሩንስ ከውስጥ ማን ቆለፈላቸው?»

እስከዳር ሰውየውን አልፋ በሩን አስከፈተች።

የሞተሩ ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ነዳጁ ግን ጠብታ የለውም። እስከዳር ከሟቹ እግር ስር ምንጣፉን ገለጠች። ወለሉ ዝጎ ተበስቷል፤ ዙሪያው ጥላሸት ለብሷል። ወደ መኪናዋ ኋላ ዞራ ጎንበስ ስትል የተለበለበ በግ የሚመስል ሽታ አፍንጫዋን መታው። ንዴቷ ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደ ፍም ውስጧን ይፈጃት ነበር።

ትናንት ማታ ባዬ፣ ወደ ዳባት ከሄደበት፣ ለሚስቱ ለወርቅውሃ ደውሎ፣ «ታፍናለች... ላቀው ነው...» ካለ በኋላ ስልኩ ተቋረጠ። ወርቅውሃ ልጄ ሚስጥር ታፈነች ብላ እሪ አለች። ሚስጥር ጎረቤት ተቀምጣ ፀጉሯን ስትሠራ እስክትገኝ ድረስ፣ የባዬ ታናሽ ወንድም ደመቀ ሰፈርተኛውን እየመራ አዘዞ ወርዶ መካኒኩን ላቀውን ጥርሱን አረገፈው። አሁን ላቀው ጣቢያ ነው። ሰዉ ደግሞ በሰልስቱ ዕለት ጋራዡን እናነድዳለን ብሎ ዝቷል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

እስከዳር ጣቢያ ገብታ ላቀውን ከፊቷ አስቀመጠችው። ከንፈሩ አብጧል።

«መኪናዋ ምን ሆና ነበር?»

«ጉልበት አጣች፣ እሜቴ። ሜዳውን ትሄዳለች፤ ዳገት ስታይ ትለግማለች። ነዳጅ ሲረግጧት ታጓራለች እንጂ አትሄድም። የአየር ማጣሪያ ቀየርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጅ መስመሯን አጠብኩ፤ ወይ ፍንክች! ታፍናለች ብዬ ለባዬ የነገርኩት እኔው ነኝ።»

«ታፍናለች?»

«የኛ የመካኒኮች ቃል ነው። ሞተር ካልተነፈሰ ታፈነ እንላለን።»

«ማርሚታዋንስ አየህ? ጭሱ የሚወጣበትን?»

ላቀው አቀረቀረ።

«አፏን ስትከፍት ስትዘጋ ከርመህ ጅራቷን ሳታይ!» ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «እንኳን መኪና፣ ሰውም የሚተነፍሰው አስገብቶም አስወጥቶም ነው!»

ከዚያ ጎንደር አራዳ ሰፈር፣ ለቅሶው ቤት ሄደች። ለእያንዳንዱ ለብቻው አንድ ነገር ብቻ ነገረችው፦ ባዬ ታፍኖ ሞተ።

«ማን አፈነው? ወዴት ሊወስዱት ነበር?» አለች ወርቅውሃ። ጎረቤቶቿም ያንኑ ጠየቁ።

ደመቀ ግን ደረቱን እየደቃ፣ «ወይኔ አያ ባዬ! ምነው መስኮቱን ዝቅ ባደረገው!» አለ።

እስከዳር ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ደመቀ ወደሚተኛበት ክፍል ገባች።

በሰልስቱ መኪናዋ ተጎትታ መጥታ፣ ነዳጅና ባትሪ ተሞልቶላት ድንኳኑ ደጃፍ ቆመች። እስከዳር ላቀውን ይዛ ስትመጣ ለቀስተኛው ግር ብሎ ተነሳ።

«ቁጭ በሉ!» ስትል ጮኸች። «ያን ማታ ይህ ሁሉ እግር ዳባት ቢሄድ ኖሮ ዛሬ ድንኳን አይተከልም ነበር! ላቀው፣ አስነሳት።»

ሞተሩ እያቃሰተ ተነሳ። እስከዳር የነጠላዋን ጫፍ ማርሚታው አፍ ላይ ዘረጋችው። ነጠላው አልተነቃነቀም።

«አያችሁ? መኪናዋ አትተነፍስም። ኋላዋ ሲደፈን ጉልበት አጣች። መውጫ ያጣው ጭስ በዝገቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ባዬ ዳገቱ እምቢ ሲለው፣ በብርዱ ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮት ዘግቶ እርዳታ ጠበቀ። ጭሱ እንደ እንቅልፍ ወሰደው። እስቲ የደፈነውን አውጣው፣ ላቀው።»

ላቀው ሞተሩን አጥፍቶ ማርሚታውን በሽቦ ጎረጎረ። በሽቦ የተጠፈረ፣ የጠቆረ የሱፍ ጥቅል ተጎትቶ ወጣ። የተለበለበ በግ ሽታ ድንኳኑን ሞላው። ወርቅውሃ ተቀብላ ብትፈታው መሃሉ አልተቃጠለም፤ ቀይ መስመር አለው።

«ይኼማ የአማቼ ባና ነው!»

«አባታቸው ሲሞት ለሁለት ቆርጠው የተካፈሉት» አለች እስከዳር። «የባዬ ግማሽ ጉልበቱ ላይ ነበር፣ ሙሉ ነው። ይኼ ደግሞ ከደመቀ አልጋ ያነሳሁት።» ዘረጋችው። ጥጉ በመቀስ ተቆርጧል።

ደመቀ ተንበረከከ። «ልገድለው አይደለም! አንድ ቀን መሪ አላስጨበጠኝም! ስትለግምበት ተማሮ ይተውልኛል ብዬ ነው። ወለሉ መበሳቱን በምን ልወቅ?»

«እሱን አምንሃለሁ። ታፍኖ ሞተ ስል ግን አገሩ ሁሉ አጋች ሲጠራ አንተ መስኮት ጠራህ። ጭስ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ይህም ይቅር። ያን ማታ ታፍናለች ሲባል፣ የታፈነችው ማን እንደሆነች ከዚህ ሰው ሁሉ የምታውቀው አንተ ነበርክ። ወንድምህ ገና ይተነፍስ ነበር! ነገርህ እንዳይወጣ ሰዉን አዘዞ ነዳኸው።»

ላቀውን የደበደቡት መሬት መሬቱን አዩ።

«ታፍናለች አለኝ» አለች ወርቅውሃ በቀስታ። «አፈኗት ማለቱ መስሎኝ ልጄን ስፈልግ፣ ለካ እሷው እያፈነችው ኖሯል።»

ፖሊሶቹ ደመቀን ወሰዱት። ላቀው፣ ለመሞከር ይሁን እጁ ለምዶበት፣ ቁልፉን አዞረው። መኪናዋ እንደ አዲስ ጮኸች፤ በጉልበት፣ በሙሉ ትንፋሽ። ሰልስቱን ሙሉ ጮኻ ያላለቀሰችው ወርቅውሃ ያን ጊዜ ጮኸች።

«አጥፋት! አሁን ብትተነፍስ ለማን ነው!»