ሙሉው መስመር

«የእኔ ስም አለ?» አለች ዊዳድ፣ የርሆቦትን ክርን በቀኝ እጇ እንደያዘች።

ርሆቦት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ዳግመኛ አነበበች። የድርሰት ውድድሩ አሸናፊዎች ሦስት ነበሩ። በመጀመሪያው መስመር ላይ «ርሆቦት አየለ፣ የማዞሪያው ድምፆች» የሚል ተጽፏል። ስሙ የራሷ ነው፤ ርእሱ ግን የዊዳድ ነው።

«የለም» አለች።

የዊዳድ ስም በሰሌዳው ላይ ስላልነበረ ቃሉ ሐሰት አልነበረም። አፏ ውስጥ ግን እንደ ሐሰት ከበዳት።

ዊዳድ ፈገግ አለች። «ይሁን። ቢያንስ አዝነው አልሰጡኝም። ያንቺስ?»

«አለ።»

«ስንተኛ?»

«አንደኛ።»

«አንቺ! ታዲያ ምን ዘጋሽ?» ዊዳድ ክርኗን ወዘወዘችው። «ክፍለ ከተማ ሄደሽ ልትወዳደሪ ነው እኮ! እኔ ብሆን እስከ ጦር ኃይሎች ድረስ እየጮህኩ ነበር የምሄደው። ርእስሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

በዚህ ጊዜ ደወል ተደወለ። ርሆቦት የደወል ድምፅ እንዲህ አስደስቷት አያውቅም።

ስሕተቱ የተፈጸመው ባለፈው ሳምንት ነው። ዊዳድ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ዓይኗ አያይም። የምትጽፈው በብሬል ነው፤ ውድድሩ ደግሞ የሚቀበለው በእስክሪብቶ የተጻፈ ድርሰት ብቻ ነበር። ስለዚህ በርሆቦት አባት ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ጥግ ተቀምጠው፣ ዊዳድ ብሬሏን በጣቷ እየዳሰሰች ስታነብ ርሆቦት ጻፈችላት። ስም የሚጻፈው በተለየ ሽፋን ላይ ነው፤ አራሚዎቹ የማን ድርሰት እንደሆነ እንዳያውቁ ውድድሩን የሚመሩት መምህር ጃለታ ሽፋኑን ገንጥለው ያስቀምጡታል። ዊዳድ ይህን ደንብ ከሰማች ጀምሮ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። «አንድ ጊዜ እንኳ ዓይነ ስውር መሆኔን የማያውቅ ሰው ያርመኝ» ብላ ነበር።

ርሆቦት ሁለቱን ድርሰቶች በጥድፊያ በስቴፕለር ስትሰፋ ሽፋኖቹን አቀያየረቻቸው። ሁለቱም በእርሷ እጅ የተጻፉ ስለነበሩ ማንም ልዩነቱን አላስተዋለም። የዊዳድ ስም «የጽዳት ጥቅም» በተሰኘው፣ ርሆቦት ራሷ ስትጽፈው ባዛጋችበት ድርሰት ላይ ተለጠፈ። የአሥራ ስምንት ማዞሪያን ወያሎች ጥሪ፣ የጫማ ጠጋኙን መዶሻና የሱቆቹን የብረት በር በጆሮ ብቻ የሣለው ድርሰት ደግሞ የርሆቦትን ስም ይዞ ሄደ።

በምሳ ሰዓት ነገሩን ለኤልናታን ነገረችው። ኤልናታን የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያንም አብረው ይዘምራሉ።

«ሰርቀሻል እንዴ? አልሰረቅሽም!» አላት ሳንድዊቹን እየገመጠ። «የተሳሳተው ስቴፕለሩ ነው።»

«አትቀልድ።»

«አታካብጂ! ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ክፍለ ከተማ ይላካል፤ ከዚያ በኋላ አለቀ።»

«እሑድ ስለ ዕውሩና ስለ እንቅፋቱ የተማርነውን ረሳኸው?»

«እሱ መንገድ ላይ ድንጋይ ስለማስቀመጥ ነው። አንቺ የምን ድንጋይ አስቀመጥሽ?» ኤልናታን ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ደግሞ እሷ አታየውም። ካልነገርሻት በምን ታውቃለች?»

ሊያጽናናት የተናገረው ነበር፤ ሆኖም ከቀኑ ትምህርት ሁሉ በአእምሮዋ የቀረው ይኸው ብቻ ሆነ። ዊዳድ ማስታወቂያ የምታስነብበው ርሆቦትን ብቻ ነው።

ከትምህርት በኋላ አባቷ ሱቅ ስትደርስ፣ ዓይናቸው የደከመው እማማ ሰርኬ የመጋረጃ ጨርቅ እየገዙ ነበር። አቶ አየለ እንደ ልማዳቸው የብረቱን ሜትር ጫፍ በአሮጊቷ አውራ ጣት አስነኩ።

«ኧረ አየለ፣ አምንሃለሁ አልኩህ! ሁልጊዜ ምን ታስይዘኛለህ?»

«ይያዙት እማማ። ጫፉ የት እንደደረሰ የራስዎ ጣት ይወቀው።»

አሮጊቷ እየሳቁ ለኩ። ሲሄዱ ርሆቦት ጠየቀች። «አባዬ፣ እሳቸው ያምኑህ የለም እንዴ? ለምን ታስለካቸዋለህ?»

«ስለሚያምኑኝ ነዋ» አሉ አቶ አየለ ጨርቁን እየጠቀለሉ። «ከማያምነኝ ሰው ጋር ሁለታችንም እንጠነቀቃለን። ከእሳቸው ጋር ግን የምጠነቀቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው ባያዩ ደግሞ፣ የሚያይላቸው አለ።»

ርሆቦት የብረቱን ሜትር አንስታ በቦታው ሰቀለችው።

ዓርብ ጠዋት ዊዳድን ፌርማታው ላይ አገኘቻት። ግቢ ሲገቡ ወደ ክፍል በመሄድ ፈንታ ወደ ሰሌዳው መራቻት። ኤልናታን ከሩቅ አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ርሆቦት አይታዋለች፣ ግን አልቆመችም። የዊዳድን ጣት ይዛ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አሳረፈችው።

«ትናንት የጠየቅሽኝን ብቻ ነው የመለስኩልሽ። ዛሬ ሙሉውን መስመር ላንብብልሽ። አንደኛ፣ ርሆቦት አየለ፣ የማዞሪያው ድምፆች።»

የዊዳድ ጣት በወረቀቱ ላይ ደረቀ።

«ይሄ የኔ ነው።»

«ያንቺ ነው። ስሰፋው ሽፋኖቹን አቀያየርኳቸው። ሆን ብዬ አልነበረም።»

«ትናንት ግን አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

ዊዳድ እጇን ከርሆቦት ክርን ላይ አነሣች። ነጩን በትሯን ዘረጋች። ከኋላቸው ተማሪዎች እየተጋፉ አለፉ።

«ቲቸር ጃለታ ገብቷል?» አለች በመጨረሻ።

«ቢሮው ክፍት ነው።»

«አንቺ ነሽ የምትነግሪው። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»

ዊዳድ ፊት፣ ርሆቦት ኋላ ሆነው ሄዱ። ርሆቦት ክርኗን አልሰጠችም፤ ዊዳድም አልጠየቀችም። ከመምህራኑ ቢሮ ፊት ለፊት ሲደርሱ ዊዳድ ቆመች።

«ደረጃው ስንት ነው?»

ዊዳድ የዚህን ግቢ ደረጃ ሁሉ በቃሏ እንደምታውቅ ርሆቦት ታውቃለች።

«ሦስት» አለች።

ዊዳድ በበትሯ እያንዳንዱን እየነካች፣ ሳትቸኩል ቆጥራ ወጣች። ሦስት ነበሩ። ከላይ ሆና ጥቂት ፈቀቅ ብላ ለርሆቦት ቦታ ለቀቀችላት።

ርሆቦት ወጥታ በሩን አንኳኳች።